የተላጩ ጥያቄዎች

ሰው «በቅድሚያ አመሰግናለሁ» ሲለኝ ቆሽቴ ያርራል። በቅድሚያ ብሎ ነገር ምንድን ነው? ገና ምኑንም አልነገርኩህ፣ ፍሪጅህን አላየሁት፣ ምናልባት የምነግርህ ነገር ቤትህን ያቃጥለው ይሆናል፤ አንተ ግን አመስግነህ ጨርሰሃል። በእኔ ትርጉም ይሄ ማለት በኋላ ተመልሼ አልመጣም፣ ከአሁኑ ተሰነባብተናል ማለት ነው።

ምስጋና የሚባለው በር ላይ መሆኑን የማውቅ ሰው ነኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት በየሰው ቤት እየዞርኩ ፍሪጅ ጠግኛለሁ። ሞተሩ ድምፁን አሰምቶ ሲነሳ የቤቱ እመቤት ፊቷ ይፈካል፣ «እጅዎ ይባረክ ጋሼ፣ በጣም ነው የማመሰግነው» ትላለች፤ ይህን ስትል አንድ እጇ የበሩ እጀታ ላይ ነው። ክፉ ሆና አይደለም፤ ሥራ አለባት፣ ልጆች አሉባት። እኔ ግን ካቻቢቴውንና መፍቻውን አንድ በአንድ ወደ ሳጥኑ ስመልስ ሆን ብዬ ቀስ እል ነበር። ቤቴ ብገባ የሚጠብቀኝ ሰው አልነበረም። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ ይኸው አሁን ተናገርኩ።

ኋላ ላይ ኮምፕሬሰር ተሸክሜ ደረጃ ስወርድ ወደቅኩና የቀኝ እጄ አንጓ ተሰበረ። ድኗል ይሉኛል፤ ካቻቢቴ ጨብጬ ላዙር ስል ግን ጣቶቼ እሺ አይሉኝም። እጄ ሥራ ሲፈታ ጭንቅላቴ አልፈታ አለኝ፤ ስለዚህ ስልኬ ላይ «ፍሪጅ ቤት» የሚባል ቡድን ከፈትኩ። ፍሪጁ ያስቸገረው ሰው ይጠይቃል፣ እኔ እመልሳለሁ። ስድስት ዓመት ሆነው፤ አባላቱም ዘጠኝ ሺህ አልፈዋል። እዚያ ስሜ ጋዙ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ የፍሪጅ ጋዝ ስሞላ ስለኖርኩ ነው እንጂ ሌላ ነገር እንዳይመስላችሁ። የሚያከብሩኝ ጋሽ ጋዙ ይሉኛል። ቡድኑን አብሮኝ የሚጠብቅ አንድ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ አለ፣ እሱ ደግሞ ሶኬት ነው። ከሶኬት ጋር ስድስት ዓመት ሙሉ በጽሑፍ ስንጨቃጨቅ መልኩን አይቼ፣ ድምፁን ሰምቼ አላውቅም ነበር።

ቡድኑ የታወቀው በሥርዓቱ ነው፤ ሥርዓቱን ያወጣሁት ደግሞ እኔ ነኝ። ሰላምታ የለም፣ ምስጋና የለም፣ ጥያቄ ብቻ። የተነገራችሁን ሞክራችሁ ከሠራ ተመልሳችሁ «ሠራ» በሉ፤ አንድ ቃል፣ በቃ። «ሠራ» የምትለዋ ለሚቀጥለው ሰው ትጠቅመዋለች። ምስጋና ማንን ይጠቅማል? ዘጠኝ ሺህ ሰው እርስ በርሱ ሲመራረቅ ቢውል የአንድ ሰው ፍሪጅ አይበርድም። እና ምስጋና የጻፈ ሰው ሦስት ቀን አፉ ይዘጋል፤ ማንበብ ይችላል፣ መጻፍ ግን አይችልም።

ጥያቄውን ደግሞ እላጨዋለሁ። መላጨት የምለው እንዲህ ነው። አንዱ ይመጣና ይጽፋል፦ «ጤና ይስጥልኝ የተከበራችሁ የዚህ ቤት ባለሙያዎች፣ እንደምን ሰነበታችሁ፣ ሁልጊዜ ከዳር ሆኜ እከታተላችኋለሁ፣ ስለ ትጋታችሁ ቃላት ያጥሩኛል፣ ላስቸግራችሁ ስለሆነ በትልቅ ይቅርታ ነው፣ አንዲት ትንሽዬ ጥያቄ ነበረችኝ፣ ፍሪጄ ከሥሩ ውሃ ያንጠባጥባል፣ ምን ይሻለኛል? ውድ ጊዜያችሁን ሠውታችሁ ስለምትመልሱልኝ ከወዲሁ ከልብ አመሰግናለሁ፣ ዘመናችሁ ይባረክ፣ ክበሩልኝ።» እኔ ይሄን ሁሉ አጠፋና እንደገና እለጥፈዋለሁ፦ «ፍሪጅ ከሥሩ ውሃ ያንጠባጥባል። ምክንያቱ?» ከሥሩ መልሱን እጽፋለሁ። ንጹሕ፣ ጥርት ያለ፣ ማንም ፈልጎ የሚያገኘው።

ሶኬት ይቀልድብኛል። «ጋሽ ጋዙ፣ አንተ እኮ ለቅሶ ቤት ብትሄድ ራሱ የምትጠይቀው የሳጥኑን ስፋት ነው» ብሎ ጽፎልኛል። ዋናው እሱ ነዋ አልኩት።

ከሥርዓቶቼ ሁሉ የማይከበረው ግን «ሠራ» የሚለው ነው። ጠይቆ፣ ተነግሮት፣ ተመልሶ የሚመጣ ሰው ከመቶ አንድ አይሞላም። ጠዋት ዓይኔን ስገልጥ መጀመሪያ የማየው ማን «ሠራ» እንዳለ ነው። የለም። ሻይ ጥጄ እመለሳለሁ፣ አሁንም የለም። ውሃው መንጠባጠቡን ተወ? በሩ ገጠመ? ሽታው ጠፋ? ማን ይንገረኝ። ዕድሜውን ሙሉ የጠገነው ፍሪጅ ድምፁን ሲያሰማ በጆሮው እየሰማ የኖረ ሰው፣ አሁን የሚናገረው ነገር ይሥራ አይሥራ ሳያውቅ ይውላል። የሰው ልጅ ውለታ ቢስ ነው ብዬ ደምድሜ ነበር። እንደዚያ ብዬ ስናደድ ትንሽ ይቀለኛል፤ ንዴት ከሆድ መባባት ይሻላል።

ማክሰኞ ጠዋት «ሰባተኛ ፎቅ» የሚል ስም ያላት ሰው ጻፈች። ጽሑፉ እንደ ደብዳቤ ረዥም ነው። ሰላምታው አንድ አንቀጽ፣ ይቅርታው አንድ አንቀጽ፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ምርቃትና ምስጋና እስከ ታች። መሐል ላይ ሁለት መስመር ጥያቄ አገኘሁና ላጨሁት፦ «ላይኛው ፍሪዘር ይሠራል፣ ታችኛው ግን አይበርድም። ምን ይደረግ?» ሌሊቱን እንቅልፍ አጥቼ ስላደርኩ ነጭናጫ ሆኛለሁ። ሞዴሉን አልጠየቅኩም፣ ምን እንደምታስቀምጥበት አልጠየቅኩም። እንዲህ ብዬ መለስኩ፦ «ለጊዜው የቅዝቃዜውን ቁጥር መጨረሻ ላይ አድርጉት። በደንብ እንዲበርድ የምትፈልጉትን ነገር ከኋላ፣ ከላይ ያለው የአየር መውጫ ቀዳዳ ሥር አስጠጉት። እዚያ ጋ ቅዝቃዜው ከፍሪዘሩ ቀጥታ ነው የሚመጣው።»

አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ስልኬ አናት ላይ መልእክት ብቅ አለ። የምታየው የመጀመሪያዎቹ ቃላት ብቻ ናቸው፦ «በጣም አመሰግናለሁ ጋሼ...» በቃ፣ እጄ ለምዶበታል። አጠፋሁት፤ ሦስት ቀንም አፏን ዘጋሁ። ከዚያ ሻዬን ጠጣሁ።

በማግሥቱ ረቡዕ ከምሳ በኋላ ስልኬ ጮኸ። ስልኬ ሲጮህ ብዙ ጊዜ የተሳሳተ ቁጥር ነው፤ ቢሆንም ቶሎ ነው የማነሳው።

«ጋሽ ጋዙ? ሶኬት ነኝ» አለኝ። ድምፁ ቀጭን ነው፤ ከጽሑፉ ተነስቼ ጎርናና ሰው አድርጌው ነበር። ደስ አለኝ፤ እንዴት እንዳለ ልጠይቀው ስል አላስጨረሰኝም። «ትናንት ያቺን ሰባተኛ ፎቅ የምትባለውን ልጅ ጽሑፍ እስከ መጨረሻው አንብበኸው ነበር?»

«ላጨሁት እኮ።»

«መላጨትህንማ አያለሁ። የጠፉትን መልእክቶች ሳይ አግኝቼው ነው። ላንብብልህ።» የምናጠፋው መልእክት ለኛ ለጠባቂዎቹ ሁለት ቀን ተቀምጦ ይቆያል፤ እኔ አንድም ቀን ከፍቼው አላውቅም። ሶኬት አነበበልኝ፤ ከሰላምታው ጀመረ፣ ጥያቄውን አለፈ፣ መጨረሻው ላይ ደረሰ፦ «... ሳስቸግራችሁ አባቴ ስኳር ስላለበት ነው። እኔ ሥራ ስውል እሱ ቀኑን ሙሉ ብቻውን ነው። የአባቴን ኢንሱሊን ከመበላሸት ያተረፈልኝን ሰው ፈጣሪ እሱንም ከክፉ ነገር ሁሉ ያትርፈው። ከወዲሁ በጣም አመሰግናለሁ።»



«አላለቀም» አለኝ ሶኬት። «ሁለተኛው ደግሞ አለ፣ አፏን የዘጋህባት። እንዲህ ይላል፦ በጣም አመሰግናለሁ ጋሼ፣ ግን ከኋላ ሳስጠጋው መድኃኒቱ በረዶ አይሆንም? እባክዎ ይንገሩኝ፣ ዛሬ ማታ የሚወጋው አለ።»

ነገሩ የገባችሁ እንደሆን ገብቷችኋል፤ ያልገባችሁ ካላችሁ ልንገራችሁ። ኢንሱሊን ቅዝቃዜ ይፈልጋል፣ በረዶ ከሆነ ግን አለቀለት። ክፋቱ ደግሞ ሲቀልጥ ምንም ያልሆነ መምሰሉ ነው፤ ብልቃጡን ብርሃን ላይ ይዘህ ብታየው ያው ነው፣ ትወጋዋለህ፣ አይሠራም። ስኳሩ ዝም ብሎ ይወጣል። ይሄን ሐኪም አይደለሁም ብዬ አላውቅም ማለት አልችልም። ለስንት መድኃኒት ቤት ፍሪጅ ጠግኛለሁ፤ እዚያ የአየር ቀዳዳ ሥር ምንም እንዳታስቀምጡ እያልኩ በብዕር ምልክት አድርጌ የምወጣ ሰው እኔ ነበርኩ። ሌላ ሰው ተሳስቶ ቢሆን ኖሮ አሳስተሃል ብዬ ከቡድኑ አባርረው ነበር።

«አንድ ማታና አንድ ጠዋት አልፏል» አልኩት ሶኬትን።

«አዎ።»

«ሁለቴ ተወግቷል ማለት ነው።»

«ጋሽ ጋዙ፣ እንፈልጋት፣ ሌላውን ተወው» አለኝ።

መጀመሪያ አፏን ከፈትኩላት፤ ልጅቷ ግን ትናንቱኑ ከቡድኑ ወጥታ ሄዳለች። በግሏ ልጽፍላት ብል ከማታውቀው ሰው መልእክት እንዳይገባ ዘግታዋለች፤ ደግ አደረገች፣ እንደኔ ዓይነቱ ሞልቷል። ስሟ አይታወቅም፣ ስልኳ አይታወቅም። ሰባተኛ ፎቅ ያለው ሕንፃ ስንት ነው? መስኮቴን ከፍቼ ወደ መንገዱ ሳይ እንኳን አራት አየሁ።

መቀመጥ አልቻልኩም። ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ባዶ የዓይን ጠብታ ብልቃጥ ነበረችኝና ውሃ ሞላኋት፣ የራሴን ፍሪጅ ቁጥር መጨረሻ ላይ አደረግኩ፣ ከኋላ ቀዳዳው ሥር አስጠጋኋት። ምናልባት በረዶ አትሆን ይሆናል። ምናልባት የዛሬ ፍሪጆች እንደ ድሮዎቹ አይደሉ ይሆናል። እንደዚህ ብዬ ራሴን እያታለልኩ በየዐሥር ደቂቃው በሩን እከፍታለሁ፤ በሩን በየዐሥር ደቂቃው የሚከፍት ሰው ባይ ኖሮ እኔ ነኝ የምቆጣው።

ከዚያ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ቡድኑን ጠየቅኩ። እንዴት እንደሚጠየቅ አላውቅበትም። አንዴ ጻፍኩ፣ አጭር ሆነብኝና አጠፋሁ። በመጨረሻ እንዲህ ብዬ ላክሁ፦ «ጤና ይስጥልኝ ወገኖቼ፣ እንደምን ዋላችሁ። ትናንት ጠዋት የጠየቀች ሰባተኛ ፎቅ የምትባል ልጅ አለች። የነገርኳት ነገር ስህተት ነው፣ የአባቷን መድኃኒት ያበላሻል። የሚያውቃት ካለ እባካችሁ አገናኙኝ። እባካችሁ።»

መልስ መጣ። «ሰላምታ የለም» አለ አንዱ፣ የሚስቅ ፊት ጨምሮበት። «የፍሪጁ ሞዴል?» አለ ሌላው። «ከርዕስ ውጪ ነው» አለ ሦስተኛው። አንዱ ደግሞ «ጋሽ ጋዙ ስልኩን ተሰርቆ መሆን አለበት፣ እባካችሁ አለ እኮ» ብሎ ጻፈ፣ ሃምሳ ሰው ሳቀለት። ከዚያ አንድ ሰው ስለ በረዶ ማቅለጥ ጠየቀ፣ ጽሑፌም ወደ ላይ ተገፍቶ ሄደ። ክፉዎች ስለሆኑ አይደለም። ስድስት ዓመት ያስተማርኳቸውን ነው የመለሱልኝ። ዘጠኝ ሺህ ሰው ይዤ አንድ እንኳን «ምን ሆነህ ነው?» የሚለኝ አላገኘሁም፤ ያን ቀን ብቻዬን መሆኔን ቁጭ ብዬ አየሁት።

ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ሶኬት ደወለ። ሥራውን ትቶ፣ ደረጃ ላይ ቁጭ ብሎ ሌሎች ቡድኖችን ሲያስስ ቆይቷል።

«አገኘኋት መሰለኝ» አለ። «ቤት ውስጥ በሽተኛ የሚያስታምሙ ሰዎች ቡድን አለ፣ አስታማሚዎች ይባላል። እዚያም ስሟ ያው ሰባተኛ ፎቅ ነው። ከውጭ ሆኖ ማንበብ ስለሚቻል አየሁት፣ ብዙ ጊዜ ትጽፋለች። ግባና ጻፍላት፣ እኔ ከገባሁ ማን ነህ ይሉኛል።»

«እኔንስ ማን ነህ አይሉኝም?»

«አንተ የምትለው አለህ» አለኝ።

ገባሁ። እዚያ ቤት ያለው ወሬ ልክ የለውም። ማንም ሰው ሳይጠይቅ በፊት የሌላውን በሽተኛ እንዴት እንዳደረ ይጠይቃል። አንዷ እናቷ ዛሬ ሁለት ጉርሻ በላች ብላ ጽፋለች፣ ከሥሯ አርባ ሰው እሰይ እያለ ተሰልፏል። እኔ ቢሆን አርባውንም በአንድ ጊዜ ነበር የማጠፋው። ቡድኑን የምትጠብቀው ጡረታ የወጣች ነርስ ናት፣ ሲስተር ነው የሚሏት። ገና እግሬ እንደገባ ጻፈችልኝ፦ «እንኳን ደህና መጡ። እርስዎ የሚያስታምሙት ማንን ነው?»

 ውሸት ልጽፍ አስቤ ነበር። ወንድሜን ልል ነበር፤ ወንድም የለኝም። «ማንንም» ብዬ ጻፍኩ። ቀጥዬም አንዲት ልጅ እንደምፈልግ፣ ለምን እንደምፈልጋት፣ ምን ብዬ እንዳሳሳትኳት፣ ሳላነብ እንዳጠፋሁባት ሁሉንም ዘረገፍኩት። የስልክ ቁጥሬንም ከሥሩ አስቀመጥኩ። ሲስተር አላጠፋችውም፣ አላሳጠረችውም። «ቁጭ ይበሉ፣ ሥራ ላይ ናት፣ ስትወጣ ታየዋለች። በስልኳም እነግራታለሁ» አለችኝ። ቁጭ ይበሉ ስላለችኝ ቁጭ አልኩ።

ዐሥር ሰዓት ተኩል ላይ ብልቃጧን አወጣኋት። ድንጋይ ሆናለች። ጆሮዬ ላይ አስጠግቼ ነቀነቅኳት፣ ድምፅ የላትም። ፍሪጁን ደገፍ ብዬ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። የማላውቀው ሰውዬ ፊቴ ላይ ድቅን አለብኝ፦ ሰባተኛ ፎቅ ላይ ብቻውን ቁጭ ብሎ ውሃ የሚጠማው፣ ጠጥቶ ጠጥቶ የማይረካ፣ ልጁ እስክትመጣ የሚጠብቅ ሰው። እኔም ብቻዬን የምውል ሰው ስለሆንኩ እንዴት እንደሚጠብቅ አውቃለሁ። እዚያው ተቀምጬ እያለሁ ስልኩ ጮኸ።

«ሰባተኛ ፎቅ ነኝ» አለች። ከበስተኋላዋ የመኪና ድምፅ አለ።

«መድኃኒቱን እንዳትሰጪያቸው!» አልኳት፤ ሰላም እንኳን አላልኳትም። «በረዶ ሆኗል፣ የቀለጠ ቢመስልሽም አይሠራም፣ ጣይው፣ አዲስ አምጪላቸው፣ አሁኑኑ ለሐኪማቸው...»

«ጋሼ፣ ይረጋጉ» አለችኝ። «አላስጠጋሁትም።»

«አላስጠጋሽውም?»

«አዎ። ቁጥሩንም አልነካሁት። መድኃኒቱ ከትናንት ጀምሮ ጎረቤት ፍሪጅ ውስጥ ነው፣ አባቴም ደህና ነው። ፍሪጁን ደግሞ እዚህ አስታማሚዎች ቡድን ውስጥ አንድ ሰው በሩን ወረቀት አስይዤ እንድሞክረው ነገረኝ። ወረቀቱ ሳብ ሳደርገው ወለቅ ብሎ መጣ። የበሩ ላስቲክ ነው፣ በሙቅ ውሃ አጥቤ አስተካከልኩት፣ በረደ።»

ትክክል ነው። እኔም ብጠይቃት ኖሮ መጀመሪያ የምላት እሱኑ ነበር፣ ወረቀቱን። ዓይኔ እንባ ሞላ፤ ከደስታ ይሁን ከምን አላውቅም።

«ተመስገን» አልኩ። «ተመስገን። ግን ለምን አላደረግሽውም? እኔን ያህል ሰው... ስድስት ዓመት...» ከዚህ ሁሉ ጭንቅ በኋላ ይሄን መጠየቄ ይገርመኛል፤ ግን ጠየቅኩ፣ ትንሽ ከፍቶኝ ነበር።

 «አይቆጡኝ ጋሼ» ብላ ጀመረች። «ጽፌ ጨርሼ መልስ ስጠብቅ የጻፍኩት ጠፋ። ሌላ ተለጥፎ አየሁ። ደጋግሜ አነበብኩት፣ አባቴ የለበትም። አባቴ በሌለበት ጥያቄ ላይ የተመለሰውን መልስ እንዴት አባቴ ላይ ላድርገው? ይሄ ሰውዬ እኔን አልሰማኝም አልኩ። ለማረጋገጥ እንደገና ጠየቅኩዎት፣ አፌን ዘጉት።»

«እውነትሽን ነው» አልኳት። 

«እኔ ብቻ አይደለሁም እኮ» አለች፤ ልታጽናናኝ ይመስለኛል። «እዚህ አስታማሚዎች ጋ ፍሪጅ በተነሳ ቁጥር ሁሌ አንድ ሰው አይጠፋም፣ እኔም ፍሪጅ ቤት ጠይቄ ነበር፣ ሰውዬው የነገረኝን አላደረግኩትም፣ አልሰማኝም የሚል። መላጫው ነው የሚሉዎት። በክፋት አይደለም፣ ለሳቅ ነው።»

መላጫው። ስንቱን ስም ሰምቻለሁ፣ ይሄኛው ግን ሆዴ ውስጥ ገባ። ስድስት ዓመት ሙሉ ጠዋት ጠዋት «ሠራ» የሚል ስፈልግ፣ ሰዎቹ ውለታ ቢስ ሆነው የቀሩ ይመስለኝ ነበር። ለካ መጀመሪያውኑ አልሞከሩትም። ያላደረጉትን ነገር ሠራ ብለው ሊመጡ ኖሯል?

«ይቅርታ አድርጊልኝ ልጄ» አልኳት።

«እሺ» አለች። በቃ፣ እሺ ብቻ። ልቧ ውስጥ ያለውን አላውቅም።

«ስለደወልሽም አመሰግናለሁ። አባትሽ... አሁን እንዴት ናቸው? ምን ሲያደርጉ ይውላሉ?» ስልኩን እንድትዘጋው አልፈለግኩም። ወለሉ ቀዝቃዛ ነው፣ ቢሆንም እስከፈለገች ድረስ እዚያው እቀመጥ ነበር።

«አውቶብሱ መጣ ጋሼ፣ ሌላ ጊዜ እነግርዎታለሁ። ደህና ይዋሉ» አለችና ተቋረጠ።

ሌላ ጊዜ የሚባለው ነገር እስካሁን አልመጣም። አይፈረድባትም።

ሶኬት ማምሻውን ጽፎ ጠየቀኝ፣ ደህና ናቸው አልኩት። «እሰይ» አለኝ፣ እኔም አላጠፋሁትም። ሐሙስ ጠዋት ሻዬን ይዤ ተቀመጥኩና ቡድኑን ከታች ወደ ላይ ማንበብ ጀመርኩ። ሰዎቹ የጻፉልኝን ሙሉውን፣ ከነሰላምታው ከነምርቃቱ ላነበው ነበር ሐሳቤ። ቢያንስ ማን ምን ብሎኝ እንደነበር ልወቅ ብዬ ነው። ነገር ግን ሁለት ቀን ያለፈው መልእክት ለኛም ቢሆን ይጠፋል። የተረፈው የላጨሁት ብቻ ነው።

«ፍሪጅ ይጮሃል፣ እንቅልፍ ይከለክላል። እንዴት ዝም ይላል?» ይላል አንዱ። እግሩን አስተካክሉ ብዬ መልሻለሁ። ማን ነበር የማይተኛው? ታማሚ ነበረው? አራስ ነበረች? «ለአንድ ሰው የሚሆን ትንሽ ፍሪጅ። የትኛው ይሻላል?» ይላል ሌላው። ያ ሰው በቅርቡ ነው ብቻውን የቀረው ወይስ እንደኔ ከድሮ ጀምሮ ነው? «ሁለት ዓመት ተዘግቶ የቆየ ፍሪጅ ይሸታል። ሽታውን ምን ያጠፋዋል?» በሆምጣጤ እጠቡት ብያለሁ። ሁለት ዓመት የማን ቤት ነው የተዘጋው? ባለቤቱ የት ሄዶ ነበር፣ ማንስ መጥቶ ከፈተው? ነግሮኝ ነበር ይሆናል። በጽሑፉ መሐል አንድ ቦታ ላይ ነግሮኝ ይሆናል፣ እኔም ቆርጬ ጥዬዋለሁ።

ይሄኛውን ሰው ልጠይቀው ፈለግኩ። ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበቱ፣ ያን ጊዜ ሌላም የጻፉት ነገር ነበር፣ አላነበብኩትም፣ ምን ነበር ልለው ነው። ለማን ልላክ ብዬ ጥያቄው አናት ላይ ያለውን ስም አየሁ። ጋዙ ይላል። እንደገና የምለጥፈው እኔ ስለሆንኩ የተለጠፈው በእኔ ስም ነው። መልሱም ላይ ጋዙ ይላል። ወደ ላይ ሄድኩ፣ ያለፈው ወር፣ ያለፈው ዓመት፣ የመጀመሪያው ዓመት። ጋዙ ይጠይቃል፣ ጋዙ ይመልሳል። ነገሩን ለማያውቅ ሰው፣ አንድ ሰውዬ ስድስት ዓመት ሙሉ ብቻውን ሲያወራ ነው የሚመስለው።